ከጆሮህ እንዳይወጣ ያልሽኝ

ታዱዬ፣ የኔ ታደለች፤

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ያሆዴ ደረሰ፤ የሀዲያ ዘመን ሊለወጥ ነው። የሰፈሩ ወንዶች በበዓሉ ሰንጋ ዋጋ እየተጨቃጨቁ ነው። እኔ ደግሞ ከየት እንደምጀምርልሽ ግራ ገብቶኛል። እኔ እናገራለሁ፣ ስልኩ ይጽፋል።

ቤቱ ተለዋውጧል። እናትሽ ከፎንቆ መጥተው አብረውኝ ይኖራሉ። በሐዘኑ ሰሞን አልጋውን ከመስኮቱ ሥር ወደ በሩ አዙረውት፣ እስካሁን ጉልበቴን ሳልመታ የማድርበት ቀን የለም። መልሱት እንዳልላቸው አንቺ የተኛሽበትን ቦታ ማየት አልቻሉም። እኔ ድሮም አላየሁትም፤ ታዲያ ለምን እንደሚያመኝ አላውቅም።

ተመረቅኩልሽ። የቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ ተጫዋች የሙዚቃ ዲግሪ ያዘ ተብሎ እልል ተባለ። ሁሉም እጄን እየጨበጠ ጎበዝ ሲለኝ፣ ማንን ጎበዝ እንደሚሉ ግራ ገባኝ። እኔ የሰማሁ እንጂ ያነበብኩ አይደለሁም። ገበያ ውለሽ፣ ድምፅሽ የሽንኩርት ዋጋ ስትጠሪ ሰልሎ፣ መጽሐፌን ከዳር እስከ ዳር አንብበሽ በስልክ የቀዳሽልኝ አንቺ ነሽ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ታቆሚያለሽ፤ እኔም እስኪያባራ ኪቦርዱን እነካካለሁ። እሱም አብሮ ተቀድቷል።

አንድ ቃል አስገብተሽኛል፤ ንባብሽ ከኔ ጆሮ እንዳይወጣ። ምክንያቱን አውቃለሁ። ጉባኤ ፊት ቃል ስታነቢ በሀዲያ አፍሽ ጸጥታን ጠጥታ ብለሽ፣ ወጣቶቹ ማን ጠጥታ እያሉ ሳቁብሽ። ከዚያ ወዲያ መድረክ አልወጣሽም። ይገርምሻል፣ እኔም በቃል ፈተና ላይ ካንቺ እንደሰማሁት ሙዚቃ የድምፅና የጠጥታ ቅንብር ነው ብዬ መለስኩና መምህሩ በሳቅ ፈነዳ። ማርኩን ግን ሰጠኝ።

አሁን እኔም እዚያው በተማርኩበት ኮሌጅ አስተምራለሁ። እንደኔ የማያዩ ሁለት ተማሪዎች አሉኝ። መጽሐፉን በድምፅ ያነበበላቸው የለም፣ ፈተናቸውም ቀርቧል። ሚስትዎ ያነበቡልዎትን ይስጡን አሉኝ። ብሰጣቸው ቃሌን በላሁ፤ ብከለክላቸው ምን ዓይነት መምህር ነኝ? እናትሽን ባማክራቸው፣ የሞተ ሰው አያፍርም፣ ስጣቸው አሉኝ። በማግስቱ ደግሞ፣ ልጄን እንዳታስቅባት አሉ። ይባስ ግራ ተጋባሁ።

በመጨረሻ ራሴ ላነብላቸው ወሰንኩ። በማዳመጫ አንቺን እየሰማሁ፣ ያልሽውን ሁሉ በራሴ ድምፅ እየደገምኩ ቀዳሁት። ድምፅሽ ከጆሮዬ ስላልወጣ ቃሌን ጠበቅኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ትናንት ከሁለቱ አንዷ፣ ከአዲሎ የመጣችው ተማሪዬ፣ እያፈረች፣ መምህር፣ በየምዕራፉ መጨረሻ ገባህ አይደል የኔ ጌታ የሚሉት ለማን ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ታዱዬ፣ ሳላውቀው እሱንም ደግሜዋለሁ! ልባችን ውስጥ የነበረው ነገራችን ሁሉ አደባባይ የወጣ መሰለኝ። ዛሬውኑ ቆርጬ አወጣዋለሁ አልኳት። እባክዎ ይተዉት፣ እኔ ምዕራፉን የምጨርሰው እሱን ለመስማት ነው አለችኝ።

እስካሁን አልቆረጥኩትም። ቃሌን በላሁ ወይስ ጠበቅኩ? እስትንፋሴ እስካለች አልረሳሽም፤ እርግጠኛ የሆንኩበት ይህ ብቻ ነው። አንቺ በጠየቅሽኝ ቁጥር ገብቶኛል እልሽ ነበር። አሁን ግን አልገባኝም፣ የኔ ዓለም።