መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የተናገርኩት

ሰኞ

ጧት ሻሂ ስንጠጣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፣ ከዚያ ጸጥ። የግቢው ሰው በሙሉ ውጭ ወጣ። «መምህር፣ ምን ይሻላል?» አሉኝ። አላውቅም ማለት የት ለምጄ! «ትንሹ ከመጣ ትልቁ አይቀርም፤ ውጭ እደሩ» አልኩ።

ጎረቤቴ ተስፋይ፣ መካኒኩ፣ አራስ ሚስቱን ለተብርሃንን ከነሕፃኗ አወጣት። እናቷ አደይ ብርኽቲ «ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሣ አራስ ንፋስ ላይ ትተኛለች?» ብለው ጮኹ። እኔ ደግሞ «ግድግዳ አራስ ናት ብሎ አይምርም» አልኳቸው። ሁሉም በአድናቆት አየኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ማክሰኞ

ለክፍል ስዘጋጅ የጂኦግራፊውን መጽሐፍ ገለጥኩ። ጭራሽ የማይሰማን መንቀጥቀጥ በየቀኑ አለ። ብርጭቆ የሚያንጫጫው ብዙ ነው። ግድግዳ የሚሰነጥቀው ያንሳል፤ ከተማ የሚያፈርሰው ከስንት አንዴ። መጠኑ አንድ ደረጃ በጨመረ ቁጥር ብዛቱ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ከትንሹ በኋላ ትልቅ የሚከተለውም አልፎ አልፎ ነው።

ይህን አምና አስተምሬዋለሁ እኮ!

ልነግራቸው መጣሁ። ተስፋይ ለሚስቱ ሸራ እየወጠረ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን እንሆን ነበር» አለኝ። የሸራውን ሌላ ጫፍ ይዤ አብሬው ወጠርኩ። ነገ እናገራለሁ።

ረቡዕ

ለተብርሃን ትኩሳት ያዛት። አደይ ብርኽቲ እናስገባት ይላሉ፤ ተስፋይ «መምህር ካላሉ አይሆንም» ብሎ በሩ ላይ ቆመ። በእኔ ቃል!

ባለቤቴ አብረኸት አጥሚት አድርሳላት ስትመለስ «ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ። ራሴን አሞኛል ብዬ ገብቼ ተኛሁ። ቤት ውስጥ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ። ይህንንም በአማርኛ የምጽፈው እሷ ከትግርኛ ሌላ ስለማታውቅ፣ እንዳታነበው ነው። ፈሪ።

ሐሙስ

ሄድኩ። በሰው ሁሉ ፊት «ተሳስቻለሁ። ማክሰኞ ዕለት መሳሳቴን አውቄ አፍሬ ዝም አልኩ። አስገቧት» አልኩ።

ተስፋይ ቀና ብሎ አየኝ። «ዛሬስ እርግጠኛ ነህ? ትልቁ አይመጣም?»

አንተ ብሎኝ አያውቅም።

«መጽሐፉ በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚመጣ እንጂ መቼ እንደሚመጣ አይልም። እኔም አላውቅም። ብርዱ ግን እየጎዳት ነው።»

ተስፋይ ለተብርሃን የተኛችበትን አልጋ አንድ ጫፍ አነሣ። ሌላውን ልይዝ ስጠጋ አደይ ብርኽቲ «ተወው» ብለው ራሳቸው ያዙት። በሩ ተዘጋ።

አመሻሹ ላይ አብረኸት ለተብርሃንን ጠይቃ መጣች። «ትኩሳቱ ቀለል ብሎላታል። አንተ ግን ለጊዜው አትምጣ ብለዋል» አለችኝ። እውነታቸውን ነው።