ለሰው ሁሉ «አንቺ» ያልሽው

እማዬ፣ ዓለሜ እያልሽ የምትጠሪኝ ልጅሽ ነኝ።

ከተለየሽኝ ዓመት ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። አሥራ ሁለቱን ቀን ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ሳወጣ ሳወርድ ነው ያሳለፍኩት። እጄ መርፌ እንጂ ብዕር አልለመደም፣ ታውቂያለሽ። ዛሬ ግን እሑድ ነው፤ ሱቄን አልከፈትኩም፤ የምነግርሽ ወሬም ሆዴን ሊያፈነዳው ደርሷል። ከሌን አውልቄያለሁ። በከሉ ፈንታ የለበስኩትን ብታዪው መጀመሪያ ትስቂ ነበር፤ ቀጥለሽ ጠርዙን ገልብጠሽ ስፌቱን ትመረምሪ ነበር።

የቤቱን ላስቀድም። ቧንቧው አሁንም ከሰዓት በኋላ የፈላ ውሃ ነው የሚሰጠን። የደቻቱ ወንዝ በክረምቱ ሞልቶ የነእትዬ አሚናን አጥር ወሰደው፤ የእኛን ለምን እንደተወው እንጃ። ፍየልሽ ወልዳለች። የስፌት መኪናዬን ከጓዳ አውጥቼ ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ፤ ዓይንሽ ይጠፋል እያልሽ ስትነዘንዢኝ የኖርሽውን ይኸው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሰማሁ። አልጋሽ እንዳለ ነው። እሱን መንካት አልቻልኩም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ድሬዳዋ እኔን የምታውቀኝ ልብስ ሰፊው ዓለሙ ብላ ነው፤ አርባ አራት ዓመቱ፣ ሚስት ያላገባ፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር። እኔ ግን ራሴን ካወቅኩበት ጊዜ ጀምሮ ሴት ነኝ። ይህንን በአፌ ነግሬሽ አላውቅም፤ አንቺም ጠይቀሽኝ አታውቂም። ሰባት ዓመቴ ሳለ ቀሚስሽን ለብሼ መስታወት ፊት ስሽከረከር አባዬ ከባቡር ሥራው ገብቶ ያገኘኝን ቀን እናስታውሳለን፣ ሁለታችንም። በቀበቶው የገረፈኝን ሰንበር ቅቤ ስትቀቢልኝ አንድም ቃል አልተናገርሽም። አባዬ በጣሊያን ጊዜ እስኪሞት ድረስም ስለዚያ ቀን በቤታችን አልተወራም።

እኔን ዕድሜ ልኬን ያነደደኝ ግን ቀበቶው አልነበረም። «አንቺ» የምትለው ቃል ናት።

በድሬ ወንዱም ሴቱም «አንቺ» ነው። በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪኛ አፉን ፈትቶ አማርኛን በኋላ የለቃቀመ ሰው ጋሪ ነጂውንም «አንቺ ነይ» ይለዋል፣ ፖሊሱንም። ማንም አይቀየምም፤ የአገሩ አፍ ነው። አንቺ ግን የቡልጋ ልጅ ነሽ። ቢሆንም ወተት ሻጩን «አንቺ ዛሬ አረፈድሽ» ትዪው ነበር፤ አባዬን በሰው ፊት «አንቺ ጋቢሽን ልበሺ» ትዪው ነበር። የንስሐ አባታችንን እንኳን «አባቴ፣ አንቺ ደግሞ ጠፋሽ» ብለሻቸው መስቀላቸውን እንደዘረጉ ደርቀው የቀሩበት ቀን ነበር። ሰፈሩ «ይችን የቡልጋ ሴት ድሬ አፏን ሰበረቻት» እያለ ሳቀብሽ። አንቺም አብረሽ ሳቅሽ።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቁም፤ ጋሽ መኮንን። የእድራችን ዳኛ፣ ባቡር ነጂ ሆነው ጡረታ የወጡት የአባዬ ባልደረባ። የመንዝ ሰው ናቸው፤ አርባ ዓመት ድሬ ኖረው አንድ ቀን «አንተ» እና «አንቺ» ተምታቶባቸው አያውቅም። የተሳሳተውን ሁሉ መንገድ ላይ አቁመው «ወንድ አንተ ነው የሚባለው» እያሉ ያርሙ ነበር። አንቺ ግን እሳቸውንም «አንቺ ጋሽ መኮንን» ትዪያቸው ነበር፤ ማረም ሲያቅታቸው ሰላምታሽን በሩቁ አደረጉት።

እኔንም «አንቺ» ትዪኝ ነበር። «አንቺ ዓለሜ፣ ነይ ብዪ።» «አንቺ ዓለሜ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ።» ይህችን ቃል እየበላሁ ነው ያደግኩት፣ እማዬ። ግን አልጠገብኩባትም፤ ምክንያቱም ለወተት ሻጩም ሰጥተሻታል። አውቀሽ ነው ወይስ የድሬ አፍ ሆኖብሽ ነው? ስንት ጊዜ ልጠይቅሽ ብዬ ተውኩት። የለም፣ የአገሩ አፍ ነው ካልሽኝ በምን እኖራለሁ ብዬ ፈራሁ። አንቺን ስንቀብርሽ ጥያቄዬም አብራሽ ገባች። ሰው «ለእናቱ ያለቅሳል» አለኝ፤ እኔ ግማሹን ለጥያቄዬ ነበር የማለቅሰው።

ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ኮት ለበስኩ፣ ወንድ ልጅ ለእናቱ እንደሚለብሰው። ኮቱ ውስጥ ሆኜ አንድ ነገር ቆረጥኩ፦ ይህንን ሳወልቅ ሌላ ኮት አልለብስም። ከዚህ በኋላ የቀረኝን ዕድሜ እንደራሴ ሆኜ እኖራለሁ። የፈራሁት ለራሴ አይደለም። እድሩ ቢያባርረኝ፣ ሙት ዓመትሽ ተበትኖ ስምሽ መሳቂያ ቢሆንስ? ይህቺ ብቻ እንቅልፍ ነሳችኝ።

እስቲ ጉዴን ስሚ። ሃያ አምስት ዓመት የከዚራና የመጋላ ሰፈር ሴቶችን አልብሻለሁ። አንዲት ሴት በሩን አልፋ ስትገባ ለሙሽርነት ነው፣ ለአራስነት ነው፣ ለአማትነት ነው የሚሆናት የሚለውን ሳልለካ አውቃለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን ከጂቡቲ በባቡር የመጣ አበባ የጣለበት ቢጫ ጨርቅ ገዛሁና ወገቡን አጥብቄ፣ ከጉልበቴ በላይ ቆርጬ ሰፋሁት። ተረከዙ ቀጭን ጫማ ጨመርኩበት። ከንፈሬን ቀላሁ። ልዋሽሽ አልችልም፣ መስታወት ፊት ስቆም ደስ ብሎኝ ነበር።

እትዬ አሚና በጓሮ በኩል ሳታንኳኳ ገባች፤ ጸባይዋን ታውቂዋለሽ። ከሐረር በሙሽርነት ከመጣች ጀምሮ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጎረቤታችን ሆና በራችንን አንኳኩታ አታውቅም። አየችኝ። አልጮኸችም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን በሻሿ ጠርጋ፣ ልብሱ ያምራል፣ ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ልብስ ነው፣ ልጅቷ የታለች አለችኝ።

በዚያ ቃል ፈረስኩ። ልብሱን የሰፋሁት ለእሷው ነበራ። አሥራ ስድስት ዓመቷን በሱሪ ላሳለፈችው፣ እኩዮቿ ደቻቱ አሸዋ ላይ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሲሮጡ ከአጥር ጀርባ ላየቻቸው ለዚያች ልጅ። አንድ ቀን እንኳን ልትለብስ አልኩ። እትዬ አሚና እስኪወጣልኝ አስለቀሰችኝና ቢጫውን ቀሚስ አጣጥፋ ሳጥንሽ ውስጥ አስቀመጠችው። የልጅቷ ነው፣ እዚያ ይቀመጥላት አለች። እኔን ግን ያስገረመኝ እሷ አለመገረሟ ነው። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ ጊዜው ሲደርስ ብላ ዘጋችኝ።

ከዚያ ሁለታችን ሥራ ጀመርን። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ወፍራም ፖፕሊን ጨርቅ መረጥን። ርዝመቱ ከባት በታች፣ እጅጌው ከክርን ያለፈ፣ ወገቡ ላላ ያለ፣ አንገትጌው ማንቁርቴን የሚሸፍን። የትከሻውን ስፌት ሁለት ጣት ወደ ውስጥ አስገባሁት፤ የአባዬ ትከሻ እኔ ላይ መውደቁ ያን ያህል እንዳይጮህ። ጺሜ እንደሆነ ያንቺ ወገን ነው፣ ስስ። ሻሹን ግንባሬ ላይ ባስረው እትዬ አሚና ፈታችና ወደ ማጅራቴ አወረደችው። ተረከዘ ቀጭኑን ጫማም የድሬ አሸዋ አይምርሽም ብላ አስወልቃ ዝርግ አስደረገችኝ። በአርባ አራት ዓመት ሴት ላይ የሚያምረው ዕድሜዋን የማይደብቅ ልብስ ነው ስትል እኔ ለደንበኞቼ ሺ ጊዜ ያልኩት ነገር እንደ አዲስ ገባኝ።

ለሙከራ ቀፊራ ገበያ ደርሼ ልምጣ ብዬ ጋሪ አስቆምኩ። ጋሪ ነጂው አቆመና «እማማ ይውጡ፣ ቀስ ብለው» አለኝ። እስከ ቀፊራ አኮረፍኩት። ከጋሼ ተነስቶ በአንድ ዝላይ እማማ፣ እትዬ የምትባል ጣቢያ የለችም እንዴ መሃል ላይ? ስመለስ ግን ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር። ሰውየው አንዲት ሴትዮ ጭኖ ነበር የሄደው፣ ሌላ ምንም አላየም።

ሙት ዓመትሽ ደረሰ። ዳሱ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ፤ ወንዶቹ በቀኝ፣ ሴቶቹ በግራ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጓዳ ገብቼ ጥቁሩን ኮት አወለቅሁ። ወይን ጠጁን ለበስኩ፣ ሻሼን አሰርኩ፣ ነጠላሽን ደረብኩ፣ ወጣሁ።

ከቡልጋ የመጣው ወንድምሽ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ፤ ሁለት ሰዎች ተከተሉት። እህሉን ሳይነኩ ነው የሄዱት። አልደብቅሽም፣ እሱ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ጋሽ መኮንን የእድሩን መዝገብ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ነበር። እንደምታውቂው በሙት ዓመት ዕለት የሟች ስም ወጥቶ በቦታው የልጅ ስም ይገባል፤ «ዓለሙ» ብለው አስቀድመው ጽፈውት ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት፣ ይህ ስም ከወንዶቹ መዝገብ ነው ወይስ ከሴቶቹ ብለው ጠየቁ።

እትዬ አሚና ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። እማዬ፣ ያለችውን እንዳለችው ልጻፍልሽ። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ አማርኛ አልችልም ነበር፣ ያስተማረችኝ ይህቺ ሟች ናት አለች። «አንተ» እና «አንቺ»ን ባሳሳትኩ ቁጥር እጄን እየመታች አርማኛለች። እኔ ቤት ስንጫወት ባሌን «አንተ» ትለው ነበር እንጂ አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም። ይህ ልጅ በቀበቶ በተገረፈ ማግስት ግን በር ላይ ወጥታ ወተት ሻጩን «አንቺ» አለችው። እኔን ያስተማርሽኝን ራስሽ ለምን ታበላሺዋለሽ አልኳት። «አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ይህችን ቃል መስማት አለባት፤ ለእሷ ብቻ ካልኩ ይገድሉብኛል፤ ስለዚህ ለሰው ሁሉ እላለሁ» አለችኝ። ማንም እንዳይሰማ አስምላኝ ነበር። አሁን ልጅቷ ራሷ ከወጣች መሐላዬ ምን ይሠራል ብላ ቁጭ አለች።

እማዬ። ሠላሳ ስድስት ዓመት። የቡልጋ አንደበትሽን ለእኔ ብለሽ ሰባበርሽው። ሰፈሩ ሲስቅብሽ አብረሽ ሳቅሽ። እኔ ደግሞ ለወተት ሻጩ ሰጠችብኝ ብዬ ስቀና ኖርኩ።

የዳሱን ምሰሶ ያዝኩ። ጋሽ መኮንን በከዘራቸው መሬት መታ መታ አድርገው፣ ታዲያ እኔን በሰው ፊት ስታዋርደኝ የኖረችው ለዚህ ነው በሉኛ አሉ። መጀመሪያ ሴቶቹ ሳቁ፤ ቀጥሎ ዳሱ ሁሉ፤ መጨረሻ ላይ ሳይወዱ በግዳቸው እሳቸውም። ሳቁ ሲበርድ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» አሉና ብዕራቸውን አነሱ። ካዕቡን «ሙ» ሰርዘው ሳድሱን «ም» ጻፉ። ዓለም። እንዲህ ቀላል ነበር፣ አንዲት ፊደል። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና፣ ዓለም፣ አንቺ ከሴቶቹ ነሽ፣ ነይ ፈርሚ አሉኝ።

ድሬ ሁሉ «አንቺ» ብሎኛል፣ እማዬ። ጋሽ መኮንን ግን በዕድሜያቸው አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ፈረምኩ። ሄጄ እትዬ አሚና አጠገብ በግራ በኩል ተቀመጥኩ፤ አንዲት ሴትዮ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችኝና የቀሚሴን እጅጌ ዳሰስ አድርጋ ለእኔም እንዲህ ስፊልኝ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አራት ሰው አዝዞኛል። ጥቂት ደንበኞች ቀርተዋል፣ ይቅሩ።

እንግዲህ የማስብሽ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ሻማ አበራለሁ፣ ስምሽን በቅዳሴ አስጠራለሁ፣ እሱ የማንም ልጅ ያደርገዋል። የእኔ ሌላ ነው። ባለፈው ሐሙስ ጋሽ መኮንን ሱሪያቸውን ሊያሳጥሩ መጡ። «አንቺ ጋሽ መኮንን፣ ግቢ፣ ተቀመጪ» አልኳቸው። ተቆጥተው ሊያርሙኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ተዉትና ተቀመጡ። ወተት ሻጩንም እንዲሁ አልኩት፤ አንድ ዓመት ጠፍቶበት የነበረ ነገር እንደተመለሰለት ሁሉ ፈገግ አለ። በሬን አልፎ የሚገባውን ሁሉ እንዲህ ነው የምለው። ከመካከላቸው ቃሉ የሚያስፈልጋት የትኛዋ እንደሆነች አላውቅማ።

ልጅሽ፣ ዓለም