ፊቷን ያልሣልኩት እናቴ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፤ መተማ ዮሐንስ

ዛሬ ሥዕሌ በወጣቶች አዳራሽ ተሰቀለ። እናቴ ሱቃችን ደጃፍ ተቀምጣ ሰሊጥ ስታበጥር ነው የሣልኳት። ሒጃቧን፣ እጆቿንና ሰፌዱን ጨርሼ ፊቷን ባዶ ተውኩት። ሦስት ጊዜ ብሞክርም ፈገግታዋ አልመጣልኝም፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ከጎንደር የመጣች እንግዳ ሥዕሉን አይታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሃይማኖት ፊቷን የነጠቃት ሴት! እንዴት ያለሽ ደፋር ነሽ!» አለችኝ። ጎረቤታችን ሐጂ ደግሞ ቀረብ ብለው፣ «አላህ ይባርክሽ ልጄ፤ የፍጡር ፊት መሣል ሐራም ነውና፣ ያልሣልሽው አላህን ብትፈሪ ነው» አሉኝ። ለሁለቱም እንደ አዎንታ አንገቴን ነቀነቅሁ። ለምን እውነቱን እንዳልተናገርኩ አላውቅም። የእሷ እንባ አናደደኝ፤ የእሳቸው ምርቃት አሳፈረኝ። መመስገኑ ግን፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ወደ ማምሻው፣ ከአስር ሰላት በኋላ እናቴ መጣች።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ፊቴን የት አደረግሽው?»

«አቅቶኝ ነው።»

ሳቀች። «ነገ እቀመጥልሻለሁ፤ ደህና አድርገሽ ሣይኝ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ብሥለው ሐጂ ይቀየሙኛል፤ እሳቸውን ፈርቼ ብተወው ያቺ እንግዳ ልክ ልትሆን ነው። እናቴ ግን አሁን መስታወት ፊት ቆማ የትኛው ሻሽ እንደሚያምርባት እየለካች ነው።