በወልዴ ልክ የተሰፋው ኮርቻዬ

ጥቅምት 3፣ ከአሱር ሰላት በኋላ

ዛሬም ባዶ እጄን ተመለስኩ። ስማ ደብተር፣ ሁሴን የሚሉት ኮርቻ ሰሪ ሮቢት ገበያ ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጦ ሰው ያመላልሳል። ያዘዝኩት ክረምቱ ሳይወጣ ነው። እንጨቱ ተጠርቧል፣ ቆዳው ለፍቷል፣ ጥጡ ያምናው የራሴ ማሳ ጥጥ ነው። የቀረው መቀመጫው። እሱ ግን አንድ ጥልያን የዶቅዶቄውን ወንበር አምጥቶለት ያንን ይሰፋል። ተራው የኔ ነው ስለው፣ “አያ አህመድ፣ እሱ እኮ ጠመንጃ ይዟል” አለኝ። እኔ የያዝኩት ከዘራ ነው። እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ይብስ አናደደኝ።

ደግሞ ሌላ ጉድ። ልክ የሚወስደው በገመድ አይደለም። እርጥብ አሸዋ ይከምርና ይቀመጡበት ይላል። ገበያው ሁሉ እያየ! ጥልያኑ ተቀምጦለታል፣ እንደ ሕፃን። እኔ በዚህ ሽበቴ? ሞቼ ነው።

ጥቅ. 5፣ ጠዋት

ካራቆሬ ያለችው ልጄ ዘይነባ ሰው ላከችብኝ። ባሏ ሊፈታት፣ ልጆቿንም ሊያስቀርባት ነው። ኅዳር ሲጠባ ሽማግሌ ይቀመጣል። ወንድሟ የት እንዳለ አላስጽፍም፣ ዘመኑ አይደለም። ከእሷ ወገን ያለሁት እኔ ብቻ። አባት ከቀረ “ሰው የላትም” ብለው ይፈርዱባታል።

እግሬ መንገድ ላይ ካለችው ጀውሃም አያደርሰኝ። ግራ ዳሌዬ ከተሰበረ ወዲህ ደግሞ በሰው ኮርቻ ላይ አልረጋም፤ እንደ ዱባ ነው የምንከባለለው። ባለቤቴ ፋጡማ፣ “የዘይነባ አባት፣ በጥልያን ካሚዮን ቢሄዱስ? መንገዱ እንደሁ የአላህ ነው” አለች። መንገዱ የአላህ ነው፣ ካሚዮኑ ግን የጥልያን ነው አልኳት። ቁርሴን ፊቴ አኑራ ወጣች።

ጥቅ. 8

መላ አገኘሁ። ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ወልዴ ቁመቱ ቁመቴ፣ ውፍረቱ ውፍረቴ ነው። ክርስቲያን ነው፤ ቂጥ ግን ሃይማኖት የለውም። እሱ ሄዶ ይቀመጥልኝ። አይሆንም፣ ልክ የባለቤቱ ነው ይለኛል። ዝም ብለህ ጻፍ!

መግሪብ ሲል ተመለሰ። ተቀምጧል። ገበያው ሳቀብኝ ብሎ አኩርፏል። ሁሴንም ባለቤቱ ራሱ ይምጣ ብሎ አስቸግሮት ኖሯል። ምን አገባው? መስፋት ነው ሥራው።

ጥቅ. 14

የለም። ሁሴን መርፌ ተሰበረ አለ። ጥልያኑም ወንበሬ ይለስልስልኝ ብሎ መልሶ አመጣው አለ። ወገቡ የሙሽራ ነው እንዴ? ያ ሁሉ ጥጥ ገብቶለት!

ጥቅ. 22፣ ከዙሁር በፊት

ደረሰ፣ አልሐምዱሊላህ። ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ስፌቱ እንደ ጉንዳን ሰልፍ። ሁሴን እጁ የተባረከ ነው፣ አልክድም።

በዚያው ቀን፣ ከአሱር በኋላ

እጁ ይቆረጥ! በቅሎዬን ጭኜ ሮቢ ወንዝ ድረስ ሄድኩ። ስመለስ ፋጡማና ወልዴ እንደ ጆንያ አወረዱኝ። ዳሌዬ በእሳት ተጠበሰ። ወልዴ እስቲ ልይ ብሎ ወጣበት፣ “ውይ፣ አልጋ ነው እኮ!” አለ። ያን ያለውን በራሱ እጅ አስጻፍኩት።

ጥቅ. 24

ወልዴን ልኬ ሁሴንን ሰደብኩት። የመለሰልኝ ይኸው፦ “አያ አህመድ የወልዴን ኮርቻ ምን ሊያደርጉት ወሰዱት? ያላየሁትን ዳሌ አልሰፋም። ከመጡ ጥጡን ባንድ ቀን አስተካክላለሁ። ካልመጡ ካራቆሬም ወልዴን ይላኩት።”

ወላሂ፣ እንዲህ የተናገረኝ ሰው የለም።

ጥቅ. 27

እንቅልፍ የለም። ፋጡማ የዘይነባን የልጅነት ሻሽ አውጥታ አጥባ አሰጣችው። ምን ለማለት እንደሆነ ገብቶኛል።

ጥቅ. 28፣ ሮቢት ገበያ፣ ረፋድ

ዋርካው ሥር ሆኜ ነው የማስጽፈው። ተቀመጥኩ። ሳቁ እንደ ፈራሁት ነበር። አንዷ በርበሬ ሻጭ፣ “አያ፣ እንቁላሉ ሲፈለፈል ይጥሩን!” አለች። አሸዋው ላይ ደህና አድርጌ ተደላደልኩ። እኔ! ጥልያኑም ዶቅዶቄው ላይ ሆኖ ያያል። ይይ።

ሁሴን ብብቴን ይዞ አነሣኝ። አሸዋውን አየ። በቀኝ ያለው ጉድጓድ እንደ ወጭት፤ በግራ በኩል የተነካም አይመስል። “ይህን ነው የደበቁኝ?” አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ሥራህን ሥራ አልኩት።

አሁን ስፌቱን ፈቶ ጥጥ ያወጣል፣ ይጠቀጥቃል፣ ያጉረመርማል። ለአሱር ካደረሰው ማታ ጀውሃ አድራለሁ። ካላደረሰው እንደተፈታ እጭነዋለሁ። መቅረት የለም። ሽማግሎቹ ፊት ቆሜ የዘይነባ ሰው እኔ ነኝ እላለሁ፤ ከዚያ የሚሉትን ይበሉ። ጻፍ ወልዴ፦ የልጅ ልጆቼን ይዤ ካልተመለስኩ

ቆይ። ሁሴን ይምጡ ይሞክሩት እያለኝ ነው።