ለልጆች የሚሆን ኅዳር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ደብተር ሳርም ዋልኩ። ልብስ ዘፈዘፍኩ። ሻዬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት... ምልክት አላምንም እላለሁ እንጂ ስቆጥር ነው የምውለው።

ዓርብ ተራው የኔ ነው። ጠዋት በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያው «ይህ ቀን በታሪክ» የሚለውን ማንበብ። ዕለቱ ደግሞ ኅዳር 12። ሚካኤል፣ ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ለምን ቆሻሻ ሰብስቦ እንደሚያቃጥል ልጆቹን ጠየቅኳቸው። አንድም የሚያውቅ የለም። ጭሱን ግን ሁሉም ያውቁታል።

ታሪኩ ቀላል ነው... የት አባቱ ቀላል። በ1911 ኅዳር ላይ በሽታ ገባ። እዚሁ አዲስ አበባ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አለቀ። አየሩን ያጠራልናል ብለው ቆሻሻ አቃጠሉ ይባላል። ይሄ ለስምንት ዓመት ልጅ እንዴት ተደርጎ ነው የሚነገረው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዳይሬክተራችን አቶ ገበያው ቢሮ አስጠሩኝ።

«ጀማነሽ፣ የየካቲቱን አልረሳሽውም አይደል?»

እንዴት ብዬ። አምና የካቲት 12 የሰማዕታቱን ታሪክ እንዳለ አነበብኩት። በማግሥቱ ወላጆች ተሰልፈው መጡ። አንዷ «ልጄ አልጋው ላይ መሽናት ጀመረ» ብላ አለቀሰችብኝ። እውነቷን ነው እኮ።

«እና ለልጅ የሚሆን አድርጊው። ሞት ምናምን አይግባበት። በቃ ደስ የሚል ነገር።»

ደስ የሚል ወረርሽኝ ከየት ላምጣ? «እሺ» ብዬ ወጣሁ። እሺ ማለት ላይ ማን ብሎኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጻፍኩት። «ሰዎቹ ቆሻሻቸውን ሰብስበው አቃጠሉ። በሽታውም ጭሱን ሲያይ እግሬ አውጪኝ ብሎ ፈረጠጠ።»

ልጅ ይወደዋል። ታዲያ ለምንድነው ሦስቴ ሰርዤ መልሼ የጻፍኩት?

ዓርብ፣ ኅዳር 12

አለፈ። «ፈረጠጠ» ላይ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። አቶ ገበያው ሳይቀሩ ፈገግ አሉ።

ወደ ክፍል ስንገባ ሜቲ ቀሚሴን ያዘችኝ። እኔ ክፍል ናት፣ ሦስተኛ «ሀ»። የሰማችውን ሁሉ ቤቷ ሄዳ ካልሞከረች አይሆንላትም። ባቄላ ጥጥ ላይ ይበቅላል ብዬ ባስተማርኩ ማግሥት የአባቷን ትራስ ቀዳ ጥጡን ያወጣች ልጅ።

«ቲቸር፣ ሳልም ይሸሻል?»

«ይሸሻል፣ ይሸሻል። ግቢ፣ ሰልፉ አለፈሽ።»

ማታ ሰፈሬ ኡራኤል ጭስ በጭስ ሆነ። ያጠብኩት ልብስ ተሰጥቶ ነበር፣ ሁሉም ሸተተ። ሌላ ምንም የለም። እኔ ግን አሁንም ቅር ይለኛል... ምን ሆኜ ነው?

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሜቲ ቀረች። ቀርታ አታውቅም። በእረፍት ሰዓት እናቷ ጋ ደወልኩ። የሻረግ ትባላለች፣ እዚሁ ካዛንቺስ ካፌ ውስጥ ነው የምትሠራው።

«ቲቸር፣ አባቷ ሆስፒታል ነው።»

ቡልቻ አስም አለበት። ዓርብ አመሻሹ ላይ አሞት ተኝቷል፣ የሻረግ ሥራ ላይ ናት። ሜቲ መስኮቱን ዘጋች። ካርቶንና ፌስታል ሰብስባ ማንደጃ ላይ ከመረች። እሱ የተኛበት ክፍል ውስጥ አቀጣጠለችው። ጎረቤት ነው ጭስ ሸቶት ገብቶ ያወጣቸው። እሱ አሁን በኦክስጅን ነው።

«ምን እንደነካት እንጃ፣ ቲቸር። እሳት አትነካም ነበር። ብጠይቃት ዝም። ገረፍኳት፣ ዝም።»

«ሳልም ይሸሻል?» ያለችኝ ለዚህ ነበር... እኔ ነኝ ይሸሻል ያልኳት። «እግዜር ይማረው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። እግዜር ይማረው። ከዚያ ሌላ ቃል አጣሁ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

የሜቲ ወንበር ዛሬም ባዶ ነው።

ብናገር አቶ ገበያው ምን ይላሉ? ወላጆቹስ? ከሥራ ቢያስወጡኝ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? ባልናገር ደግሞ ያቺ ልጅ... ቡልቻ ቢሞትስ? አባቷን እንደገደለች እያሰበች ልታድግ ነው። ሰው እንዲህ ሆኖ ስለ ሥራዬ ማሰቤ! አፈርኩ። አፍሬም ስለ ሥራዬ አሰብኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ቡልቻ ትናንት ከሆስፒታል ወጣ። ተመስገን።

ከትምህርት ቤት ስወጣ ብርቱካን ገዝቼ ወደ እነሜቲ ቤት፣ ጎተራ ሄድኩ። መስቀል አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ ተመለሽ ተመለሽ አለኝ። ተመልሼም ነበር፣ አስፋልቱን ተሻግሬ። ከዚያ መልሼ መጣሁ፤ የታክሲ ሰልፉን ለቅቄ ስለነበር ጭራው ላይ ቆምኩ።

ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ሜቲ ተቀምጣለች። ሰላም ስላት አንገቷን ደፋች። አባቷ ቤት ከገባ ጀምሮ እሱ ክፍል አልገባም ብላለች አሉ። ጎረቤት ጋ ነው ያደረችው።

ቡልቻ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ሁለት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ ይወስዳል። ብርቱካኑን እንኳ ሳላስቀምጥ ተናገርኩ። ጭስ በሽታ ያባርራል ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሳልም ይሸሻል ወይ ስትለኝ አዎ ያልኳት እኔ ነኝ።

የሻረግ ብርቱካኑን ከእጄ ተቀበለችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።

«ገርፌያታለሁ እኮ» አለች።

ቡልቻ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ለካ... ልታድነኝ ኖሯል» አለ።

ስወርድ ሜቲ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ቲቸር፣ ያልሸሸው ትንሽ ስላቃጠልኩ ነው?»

አይደለም አልኳት። ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ የኔ ነው አልኳት። አላመነችኝም። ለምን ትመነኝ? ጭሱንም የነገርኳት እኔው ነኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ሜቲ ትምህርት ጀመረች። እጅ አታወጣም። አባቷ ክፍል አሁንም አልገባችም።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

ተራው የኔ አልነበረም። ማይኩን ለምኜ ወሰድኩ። አቶ ገበያውን አላስፈቀድኩም፣ ባስፈቅድ እምቢ እንደሚሉ አውቃለሁ።

ወረቀት አልያዝኩም። ምሰሶውን ተደገፍኩ። የነገርኳችሁ ልክ አልነበረም አልኳቸው። ጭሱ በሽታውን አላባረረም። ሰዎቹ የሚያደርጉት ቢያጡ፣ የሚወዱት ሰው እንዳይሞትባቸው አቃጠሉ። ብዙ ሰው ግን ሞተ። እናትም አባትም ሞተ። ቤት ለቤት እየዞሩ ለታመሙት ውሃና ምግብ የሚያቀብሉ ነበሩ፣ በነሱ ምክንያት የተረፈ ተረፈ። ቤት ውስጥ እሳት የሚያነድ ልጅ እንዳይኖር።

ማንም አላጨበጨበም። ነገ ስንቱ አልጋው ላይ ይሸናል እያልኩ ወረድኩ።

ክፍል ገብተን ሜቲ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች።

«አባታቸው የሞተባቸው ልጆችም አቃጥለው ነበር?»

«አቃጥለው ነበር።»

«ብዙ?»

«ብዙ።»

አሰበች። «እነሱ ጥፋት የለባቸውማ» አለች።

«የለባቸውም።»

ሄዳ ተቀመጠች። እርሳሷን መቅረጽ ጀመረች። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ የማይነበብ ነገር ጻፍኩ።

አቶ ገበያው ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንድገኝ ጸሐፊያቸውን ላኩብኝ። እፈራለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ግን እሄዳለሁ።

እራት እየሠራሁ የሻረግ ደወለች። ስሟን ሳይ ድስቱን ትቼ ነው ያነሳሁት። ሜቲ ገባች አለችኝ። በብርጭቆ ውሃ ይዛ፣ ማንም ሳይልካት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጨርሶ እስኪጠጣ ትጠብቀዋለች። ሲጨርስ ሌላ ታመጣለች። «አሁንስ ጠገብኩ ቢላትም አልሰማ አለች፣ ቲቸር።»

የሻረግ እየሳቀች ነው። እኔ ግን ጠዋት ውሃ ያቀብሉ ነበር ያልኩት ትዝ አለኝ፣ አስም ደግሞ ቀዝቃዛ አይወድም።

«ቀዝቃዛ ውሃ ነው?» አልኳት።

«ኧረ ለብ ያለ ነው። እኔ ነኝ የማሞቅላት።»