ሰላምታው ይቆይ፣ ጥያቄው ይቅደም

ውድ ለተማርያም፣

ዛሬ «እንዴት ነሽ» ብዬ አልጀምርም። ደንግጠሽ ወረቀቱን ገልብጠሽ ከማን እንደሆነ እንደምታዪ አውቃለሁ። አዎ፣ እኔው ሰራዊት ነኝ፣ ከአሶሳ፤ ያ ሰላምታው የማያልቀው የጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ሠራተኛ። አልታመምኩም፣ አልተቀየምኩሽም። አንድ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ። በስልክ ልጠይቅሽ ስል ሰላምታው ሳያልቅ ኔትወርኩ ይቋረጣል፤ ኔትወርኩ ደህና ሲሆን ደግሞ እኔው ፈርቼ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ በደብዳቤ ልሞክረው ብዬ ነው። ትንሽ ታገሺኝ፤ ወደ ጥያቄው በጓሮ በር አልገባም፣ ግን በነሐሴው ነገር በኩል ማለፍ አለብኝ።

ሰላምታ ማስረዘም የኔ ብቻ አመል አይደለም። እኔ ባምባሲ ሳድግ መዶሻ ሊዋስ የመጣ ጎረቤት መዶሻ አይልም። ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቆ፣ የቀረበለትን በልቶ፣ ተነስቶ በሩ ጋ ሲደርስ ነው «ለመሆኑ መዶሻ አላችሁ?» የሚለው። አባቴ በሰፈራ ሲመጣ ከወሎ ይዞት የመጣው ይሁን እዚህ የለመደው አላውቅም። ኦሮሞ ጎረቤቶቻችንም በርታዎቹም ከእሱ አይሻሉም ነበር።

ይኸው አመሌ ነው ነሐሴ ላይ ጉድ ሊያደርገኝ የነበረው። ለእናቶች የልጆቻቸውን የክትባት ቀን በስልክ መልእክት የሚያስታውሰው ፕሮግራም በድንገት ቆመ። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ምን እንደነካው ግን አልገባኝም። መልእክት ያልደረሳቸው እናቶች ቀሩ፤ አንቺም የክትባት ክፍሉን ከፍተሽ ባዶ አግዳሚ እያየሽ ትውያለሽ። ኃላፊያችን ጋሽ መርጋ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልተስተካከለ ነገሩ ይቅርብን አሉ። የዓመት ልፋቴ ነው፣ ለተማርያም። እንቅልፍ አጣሁ።

ቴሌግራም ላይ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች የሚረዳዱበት ትልቅ ግሩፕ አለ። ገባሁና «ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንዴት አደራችሁ?» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ጠበቅኩ። ሰው ሰላምታዬን ሳይመልስ ጥያቄ መደርደር ነውር መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ አንዱ የአውራ ጣት ምልክት አደረገልኝ። ደስ ብሎኝ እነሱ ጋ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ጠፋ። በማግስቱ «ስለ ቀን የሚያውቅ ሰው አለ?» አልኩ። አንዱ «ዛሬ ረቡዕ ነው» አለኝ። በመጨረሻ «ፕሮግራሜ እምቢ አለኝ፣ እባካችሁ አስቸኳይ ነው» ብዬ የኮምፒውተሩን ስክሪን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። ፎቶው ላይ ከጽሑፉ ይልቅ የኔ ግንባር ነው የሚታየው። ያብስራ የሚባል ሰው ሰላምታውንም ፎቶውንም አይቻለሁ፣ ጥያቄው ነው ያልታየኝ ብሎ ጻፈ፤ ያ ሁሉ ሰው ሳቀብኝ። ተቀይሜ ልወጣ ነበር።

ብሶቴን ልነግርሽ ወደ ክፍልሽ መጣሁ። በሩ ላይ ቆሜ ስለ ጤናሽ፣ ድባጤ ስላሉት እናትሽ፣ ስለ ቤት ኪራይሽ ሁሉ ጠየቅኩሽ። አንቺ እጅሽን እየታጠብሽ ዘወር ሳትዪ፣

«እሺ፣ ሁላችንም ደህና ነን። ጥያቄህስ?» አልሽኝ።

ነገርኩሽ። ከኔ ጋር ታዝኛለሽ ብዬ ስጠብቅ እስኪያስልሽ ሳቅሽ። ከዚያ አግዳሚውን አሳየሽኝ። «እዚህ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ ሁለመናዬን ያመኛል ነው። ለሁለመና የሚሆን መርፌ የለኝም። አንተም እነዚያን ሰዎች ያልካቸው ይኼንኑ ነው» አልሽ።

እንደ በሽተኛ አስቀምጠሽ መረመርሽኝ። መቼ ጀመረው? ነሐሴ ከገባ ወዲህ። ምን ነካካህበት? ምንም። ምን አደርጋለሁ ብለህ ምን ሆነብህ? ይኼ ትንሽ አንገዳገደኝ። ሁሉም እናቶች ጋ ነው የሚቆመው ወይስ አንዳንዶቹ ጋ? ይኼኛውንማ ጭራሽ አላውቀውም። «ታዲያ ሂድና እይ» አልሽኝ። አኩርፌ ሄድኩ፤ ግን አየሁ። ፕሮግራሙ ቀጥ የሚለው ብኸይታ የምትባል እናት ልጅ ጋ ሲደርስ ነበር። እሷንና በዚያው ሰሞን የወለዱትን ሲዘል ደህና ነው። ልጆቹ የተወለዱት ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው፤ የስድስት ሳምንት ክትባታቸው ጳጉሜ ላይ ይውላል።

ጥያቄውን አብረን ጻፍነው። የእናቶቹን ስምና ስልክ ሰው ፊት አታሰጣም ብለሽ ቆጣ አልሽ፤ በእነሱ ፋንታ አንድ የውሸት ሕፃን ፈጠርን፣ ጋሽ መርጋ ብለን ስም አወጣንለት፣ በኋላ ፈርተን አጠፋነው። ያን ሁሉ ኮድ ቆርጬ ችግሩ የሚታይባቸውን ጥቂት መስመሮች ብቻ አስቀረሁ። ኮምፒውተሩ ያወጣውን የስህተት ጽሑፍ ፎቶ ሳይሆን ራሱን ገለበጥኩት። እስካሁን የሞከርኩትንም ጻፍኩ። «አስቸኳይ» የሚለውን አንቺ ሰረዝሽው፤ ማን ነው የማይቸኩለው ብለሽ። መጀመሪያ ላይ የተቀመጠችው አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን ስደምር ነሐሴ አልቆ ጳጉሜ ሲገባ ፕሮግራሙ ለምን ይቆማል? እኔ ከታች «ሰላማችሁ ይብዛ» ልጨምር አልኩ፤ ለዚያ እንኳ ፈቀድሽልኝ።

ምሳ ሳንበላ መልሱ መጣ። የመለሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ያብስራ። ወሮቹን የሚቆጥረው መስመር አሥራ ሁለት ላይ ያበቃል አለ፤ እንዴት እንደሚስተካከል አሳየኝ፤ ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበትን ዓመትም እንዳትረሳ ብሎ አስጠነቀቀኝ። የቀን ቆጠራውን ከፈረንጆች ምሳሌ ስቀዳ በአሥራ ሦስት ወር አገር እንደምኖር ረስቼው ነበር! መጨረሻ ላይ «እንዲህ ከጠየቅከንማ በየቀኑ ና» ብሎ ጨመረልኝ። ቂሜ በዚያችው ሰዓት ለቀቀኝ።

ጳጉሜ ላይ ብኸይታ በዚያ ዶፍ ዝናብ ልጇን በፕላስቲክ ሸፍና መጣች። ስልኳን ከፍ አድርጋ አሳየችሽና በምትችላት አማርኛ «ስልክ ነገ ና አለኝ። እኔ ቶሎ መጣሁ፣ ዛሬ» አለች። በአንድ ቀን ቀድማ ነው የመጣችው፤ አንቺ ግን አልመለስሻትም። እኔ በር ላይ ቆሜ ልጁ ሲያለቅስ እንደ ሞኝ እስቃለሁ። የዚያን ቀን ነው ወደ ግሩፑ ተመልሼ ምን እንደሠራልኝ እንድጽፍ ያዘዝሽኝ። መድኃኒት ወስዶ የዳነ ሰው ተመልሶ መጥቶ ዳንኩ ብሎሽ እንደማያውቅ፣ ሁልጊዜ ይኼ እንደሚከፋሽ የነገርሽኝም ያኔ ነው። እኔ ግን ያን ሰዓት የማስበው ስለ ግሩፑ አልነበረም።

ከዚያ መስከረም ላይ ዝውውርሽ መጣ፣ ጉባ፣ ግድቡ አካባቢ ወዳለው ክሊኒክ። መናኸሪያ ሻንጣሽን ይዤ መጣሁ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሾፌሩ ጠባይ አወራሁ። መኪናው ሲነሳ በመስኮት አንገትሽን አውጥተሽ «እሺ፣ ደህና ነኝ ሰራዊት። ጥያቄህስ?» አልሽኝ። እየሳቅሽ ነበር፣ ዓይንሽ ግን አልሳቀም። እኔም «የለም፣ መልካም መንገድ» አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ያንኑ ትጠይቂኛለሽ፣ እኔም የለም እላለሁ።

አሁን እኔም ግሩፑ ውስጥ መልስ ሰጪ ሆኛለሁ፤ ያብስራ ራሱ ጉረኛ ሆንክ ይለኛል። ትናንት ሐኒ የምትባል ተማሪ «ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ሰው አለ?» ብላ ጻፈች፤ መልስ ስታጣ ደግማ ሰላም አለች። እኔም «እሺ፣ ደህና ነን። ጥያቄሽስ?» ብዬ ላክሁላት። የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ድምፁ ያንቺ ሆነብኝ። ስልኩን አስቀምጬ ወረቀትና እስክሪብቶ ፈለግኩ። እሷ ወዲያው ጠየቀች፤ እኔ ግን ከመስከረም ጀምሮ ሰው አለ እያልኩ በር ላይ ቆሜያለሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ ታገቢኛለሽ?

የሞከርኩትን ልንገርሽ። ሳልነግርሽ እንድታውቂልኝ ሞከርኩ፤ ምናልባት አውቀሽልኛል፣ ግን መልስ አያስገኝም። እናቴን ነገርኳት፤ አንቺን ገና ሳልጠይቅ ለእሷ መንገሬ ገርሟት ሰደበችኝ፣ ከዚያ መረቀችኝ። ጋሽ መርጋን ስለ ዝውውር ጠየቅኳቸው፤ ጉባም ኮምፒውተር የሚነካ ሰው እንደሚፈልጉ አጣርተው ነገሩኝ፣ ስለዚህ አንቺ ሥራሽን እንድትተዪ አልጠይቅም። ያላጣራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በልብሽ ሌላ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ይኼን ማንንም አልጠየቅኩም፤ ካንቺው ልስማው ብዬ ነው። እወድሻለሁ። ከዚያ ሳቅሽ ቀን ጀምሮ ይሁን ከዚያ በፊት፣ መቼ እንደጀመረኝ ብትመረምሪኝ በትክክል አልመልስልሽም።

መልስሽ አይሆንም ከሆነም ጻፊልኝ፤ የቱ ጋ እንዳልሆነ ግለጪልኝ እንጂ ዝም አትበዪኝ። ይሆናል ካልሽ ግን ላንቺም ለያብስራም ተመልሼ ዳንኩ የምላችሁ እኔ ነኝ። ይኼን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሾፌሩ ሙርሳል ነው። ከምልክልሽ ማንጎ ጋር ሰጥቼዋለሁ፤ መልስ ሳይዝ እንደማይመለስ ምሎልኛል፣ ስለዚህ ቢያንስ ምሳ አብዪው።

ጥያቄዬን ስለጨረስኩ አሁን ይፈቀድልኛል።

እንዴት ነሽ፣ ለተማርያም? ጤናሽ እንዴት ነው? እናትሽስ? ሙቀቱን ቻልሽው?

በሩ ላይ የቆመው፣
ሰራዊት