በማድጋ የቀረው የአበባ ዘር

ለልጆቼ አባት፣ ለሰይድ፤

አሰላሙ አለይኩም። ከተለየኸኝ ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። የደብዳቤ ወጉ ናፍቆትን ማስቀደም መሆኑን አውቃለሁ፤ ናፍቀኸኛልም። ግን ተቀይሜሃለሁ፤ ቂሜን ሳልነግርህ ናፍቆቴን ብጽፍልህ ውሸት ይሆንብኛል።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ሐዋ ሮቢት ከተማ ወልዳለች፤ የሕፃኑ አፍንጫ ቁርጥ አንተን ነው። ወንድምህ ይመር ሳይለግም እያረሰልኝ ነው፤ ማሽላውም በጊዜው ተዘርቷል። ከአራቱ ቀፎ ግን ንብ ያለበት አንዱ ብቻ ነው። ሦስቱ ኮበለሉ።

ከጎርፍ መውረጃው ጎን ያለችውን የማሳችንን ጠባብ ዳርቻ መቼም አትረሳትም። ቅንጭ አረም ወርሯት ንቦቻችን የሚቀስሙት ሲያጡ፣ አረሙን ነቅለን የአገራችንን አበባ እንመልስባት ያልኸው አንተ ነህ። እኔ የመጭ፣ የአደይ፣ የጥንጁትና የበሶብላ ዘር ከየመንገዱ ዳር በሻርፔ ጫፍ እየቋጠርሁ አመጣሁ። አንተ ሸክላ አፈር ቆፍረህ አመጣህ። ደረቅ ፋንድያ በወንፊት ነፍተን፣ ከአፈሩና ከዘሩ ጋር በውሃ ለውሰን እናድበለብልና በሐምሌ ዳርቻዋ ላይ እንበትነው ነበር። ጭቃው ካልሸፈነው ዘሩን ጉንዳንና ወፍ ይለቅመዋል፤ የተረፈውን ጎርፍ ይወስደዋል። የአንተ ድቡልቡል የፍየል በጠጥ ያክላል እያልሁ ስስቅብህ፣ የአንቺው ደግሞ እንደ ድንጋይ ሰው ይፈነክታል ትለኝ ነበር። ጎረቤት አርጅተው ጭቃ ያቦካሉ ብሎ ተሳልቆብናል። በመስከረም ዳርቻዋ ቢጫ ስትለብስ ግን ቆሞ ያላየ አልነበረም።

የመጨረሻውን ያድበለበልነው ግንቦት ላይ ነው። ከአልጋ መነሣት አቅቶህ ነበር። ገበቴውን ደረትህ ላይ አስደግፌልህ፣ አንድ በአንድ ሠራህ። የዘንድሮው ከሁሉ ይበልጣል፣ ዳርቻዋን አደራ አልኸኝ። አደራ! ያቺን ቃል ይዤ ከቀብርህ ተመለስሁ፤ በሐምሌም ግማሹን ወስጄ ወረወርሁ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። አበባው እንደ ፈነዳ ይመር አረም ማጥፊያ ረጨበት፤ ለሽንኩርት ሊያዘጋጃት። እየጮህሁ ሄድሁበት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አልሁት፤ ሙት ወንድምህን ናቅኸው አልሁት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ፣ እቴዋ፣ እሱ ራሱ ነው የሰጠኝ አለ። አላመንሁትም። ሽማግሌው ሼህ አሊ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። እውነት ነው፣ በሚያዝያ እፊቴ ቃል ተቀባብለዋል አሉኝ። ሴት በሬ ጠምዳ አታርስምና፣ ማሳውን ይመር ሊያርስልኝ፣ ዳርቻዋ የሱ ልትሆን።

በሚያዝያ ሰጥተሃት፣ በግንቦት ከእኔ ጋር ድቡልቡል ሠራህ።

እንዳልራብ ብለህ ነው፤ ይገባኛል። ብትነግረኝ ለቅሼም ቢሆን እሺ እል ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ አብሬህ ኖሬ፣ ለሽማግሌ የተነገረው ለእኔ መነገር አቃተው? መብቀያ የሌለውን ዘር እያወቅህ አስለቀምኸኝ፤ ዓይኔን እያየህ አደራ አልኸኝ። ከሞትህ ይልቅ የከነከነኝ ይኸ ነው። ይመርን እንኳ እንደ ልቤ ልጠላው አልቻልሁም፤ እሱ ቃሉን ጠብቋል።

የቀረው ግማሽ ዓመቱን ሙሉ በማድጋ ተቀምጦ ነበር። ብዙ ጊዜ ልደፋው ብዬ ከፍቼ፣ የጣትህን አሻራ ጭቃው ላይ አይቼ መልሼ ከድኜዋለሁ። ትናንት የመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ ዘነበ። ዛሬ ጠዋት ማድጋውን ተሸክሜ ወዴት ልውሰደው ብዬ ሳስብ፣ ለማንም ልትሰጠው የማትችለው አንድ መሬት ትዝ አለኝ። መጥቼ ቀብርህ ላይ በተንሁት፤ ያንተንም የእኔንም፣ አንድ ሳላስቀር።

በመስከረም የቀረው ቀፎ ንብ አንተ ዘንድ ይመጣል። ድምፁን ስትሰማ ምን እንዳደረግኸኝ አስብ። እኔ እንደሆነ አልረሳህም፤ ሰይድ። በየዓመቱ ግንቦት ብቻዬን አድበለብላለሁ፣ በየሐምሌው እመጣለሁ፤ እስክታፍር ድረስ አበባ እዘራብሃለሁ።

ሚስትህ ዘይነባ